ሌንስ ልግዛ ወይስ ማስተርስ ልማር?

«ባዮሎጂ ተመርቄ አንድ ዓመት ሆነኝ። ምኞቴ እንደ ነብርና አቦሸማኔ ያሉትን የድመት ዘመዶች ፎቶ ማንሳትና ከመጥፋት ማትረፍ ነው። ያጠራቀምኳት ገንዘብ ግን የምትበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ለረጅም ሌንስ፣ ወይ ለማስተርስ። ምን ትመክረኛለህ?»
ሁለት ልብ የሆንኩት

እህቴ፣ ሌንሱን አሁን አትግዢ። ማስተርሱም ትንሽ ይቆይሽ። መጀመሪያ ሥራውን ቅመሺው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 የወጣውን የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺውን የስቲቭ ዊንተርን ፎቶ አይተሽው ይሆናል። ፒ-22 የተባለ ፑማ (የአሜሪካ ትልቅ የዱር ድመት) በሌሊት በሎስ አንጀለሱ የሆሊውድ ምልክት አጠገብ ሲያልፍ ያሳያል። ዊንተር ረጅም ሌንስ ይዞ ቁጥቋጦ ውስጥ አልተደበቀም። እንስሳው ሲያልፍ በራሱ የሚያነሳ ካሜራ አጥምዶ 15 ወር ገደማ ጠበቀ። አብዛኞቹ የድመት ዘመዶች ብቸኞች ናቸው፤ ብዙዎቹም የሌሊት ተጓዦች። ስለዚህ ትልቁ ችሎታ በየት እንደሚያልፉ ማወቅ ነው። ዱካ፣ ኩስ፣ የተቧጨረ ግንድ ማንበብ።

ደስ የሚለው፣ ለጥበቃውም የሚፈለገው ይኸው ችሎታ ነው። አጥኚዎች ነብር የሚቆጥሩት በእንዲህ ዓይነት ካሜራ ነው። የእያንዳንዱ ነብር ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ የራሱ ነው፤ የግራና የቀኝ ጎኑም ይለያያል። ስለዚህ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ካሜራ ይተከላል። ሲወራ ቀላል ነው። ከፊቱ አንዲት የሣር ዘለላ ሳትነቀል ከቀረች ግን ነፋስ ባወዛወዛት ቁጥር ካሜራው ያነሳል፤ ሺህ ባዶ ፎቶ ይዘሽ ትመለሻለሽ። ቀንና ሰዓቱ ተሳስቶ ከተሞላማ ዳታው ገደል ገባ።

ከዚያ ደግሞ ሰው አለ። የአይቤሪያ ሊንክስ የሚባለው የስፔንና የፖርቱጋል የዱር ድመት በ2002 ቁጥሩ ከ100 በታች ወርዶ ነበር። በ2024 ግን የአደጋ ደረጃው አንድ እርከን ቀለል ተደረገለት። እንስሳውን አራብቶ ከመልቀቅ ሌላ፣ የሚበላውን ጥንቸል ማብዛትና ባለመሬቶችን ማግባባት አስፈልጎ ነበር። ፍየሉ የተበላበትን እረኛ ቁጭ ብሎ ማዳመጥም የዚህ ሙያ አካል ነው። ሰው ማነጋገር የሚከብድሽ ከሆነ ከአሁኑ እወቂው።

እና ምን ታደርጊያለሽ? ከቤት ጀምሪ። ዙኒቨርስ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው በነፃ የካሜራዎቹን ፎቶ እየለየ አጥኚዎችን ይረዳል። ጎን ለጎን የመስክ ረዳት የሚፈልጉ ፕሮጀክቶችን ጠይቂ። ብር አስከፍለው የአንበሳ ግልገል ለሚያሳቅፉት ግን ገንዘብሽን እንዳትሰጪ። ያ ጥበቃ ሳይሆን ንግድ ነው።

ፎቶ ብቻውን የቤት ኪራይ የሚከፍለው ለጥቂቶች ነው። ስለዚህ ደመወዙ ከጥበቃው ይምጣ፤ ባለሽ ካሜራ እዚያው አንሺ። ያነሳሽውን ስትለጥፊ ቦታውን አትግለጪ፣ አዳኝም ያያል። ከመስክ ስትመለሺ የራስሽ ጥያቄ ይኖርሻል፤ ማስተርሱን ያኔ ተማሪ። ስታቲስቲክስና ጂአይኤስ (በኮምፒውተር የካርታ መረጃ መተንተን) ያለበትን ምረጪ።

ማመልከቻሽ ላይ «እንስሳት እወዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ስንት ፎቶ እንደለየሽ፣ መኪና መንዳትና የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት ትችዪ እንደሆነ ጻፊ።