ከደረጃው አናት ላይ ሲቆሙ የሚዘጋው የዱም ማፕ

ጥያቄ፦ ለዱም 2 የተኩስ ጌም ማፕ (የመጫወቻ ቦታ) እየሠራሁ ነው። ወደ ትልቅ አዳራሽ የሚወርድ ባለ 60 እርከን ደረጃ አለው፤ አናቱ ላይ ሦስት ዓምዶች ቆመዋል። ዱምን በዛሬ ኮምፒውተር ከሚያጫውቱት ፕሮግራሞች አንዱ በሆነው ጂዚዱም ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ሌላኛው ፕሮግራም፣ ቾኮሌት ዱም፣ ላይ ግን ከዓምዶቹ ኋላ ሆኜ ወደ ታች ስመለከት «ኖ ሞር ቪዝፕሌንስ» ብሎ ይዘጋል። ዞር ብዬ ከሌላ አቅጣጫ ሳይ ደግሞ ሳይዘጋ ግድግዳው ይዝረከረካል። ከታች ሆኜ ወደ ላይ ሳይ ምንም የለም። ንድፌን ሳላበላሽ ማስተካከል እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ማፑን ማሳነስም አያስፈልግዎትም። በ1993 የወጣው የዱም ሞተር (ጌሙን የሚያንቀሳቅሰውና ምስሉን የሚስለው ፕሮግራም) የሚጨናነቀው በማፑ ስፋት ሳይሆን ከአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ በሚስለው ነገር ብዛት ነው። ጂዚዱም የድሮዎቹን ገደቦች አንስቷቸዋል፤ ቾኮሌት ዱም ደግሞ ሆን ብሎ እንደነበሩ ያቆያቸዋል።

ያጋጠሙዎት ሁለት የተለያዩ ገደቦች ናቸው። አንደኛው ቪዝፕሌን ነው፤ በአንድ ፍሬም (በአንድ የስክሪን ምስል) የሚሳሉ የወለልና የጣሪያ ገጾች ቁጥር ሲሆን ከፍተኛው 128 ነው። ሲያልፍ ጌሙ ይዘጋል። ሁለተኛው ድሮውሴግ፣ ማለትም የግድግዳ ቁራጭ፣ 256 ነው። ይሄኛው ሲሞላ ጌሙ አይዘጋም፤ የተረፈው ግድግዳ ሳይሳል ይቀርና በቦታው የቀድሞው ፍሬም ምስል እየተጎተተ ይታያል። የእርስዎ «መዝረክረክ» እሱ ነው።

ሞተሩ ሁለት ገጾችን እንደ አንድ የሚቆጥረው ከፍታቸው፣ ቴክስቸራቸው (የተለበጠባቸው ምስል) እና የብርሃን ቁጥራቸው ሦስቱም አንድ ሲሆኑ ነው። የደረጃ እርከን ሁሉ ከፍታው ስለሚለያይ እያንዳንዱ አንድ ቪዝፕሌን ይበላል። የተጫዋቹ ዓይን ከቆመበት ወለል 41 ዩኒት (የማፑ የርዝመት መለኪያ) ከፍ ይላል፤ ከዓይን በላይ ያለ ወለል ደግሞ አይቆጠርም። እርከንዎ 8 ዩኒት ከሆነ፣ ከታች ሆነው ሲያዩ የሚቆጠሩት የመጀመሪያዎቹ አምስት ናቸው። ከአናት ሲያዩ ግን 60ዎቹም ይገባሉ። ለቀሪው አዳራሽ የሚተርፍዎት 68 ብቻ ነው። ጣሪያውም ከደረጃው ጋር በእርከን የሚወርድ ከሆነ ከዚህም ያንሳል፤ አንድ ወጥ ጣሪያ ያድርጉት።

ለእርከኖቹ መፍትሔው ቀላል ነው። ተጫዋቹ በአንድ እርምጃ እስከ 24 ዩኒት ይወጣል። 60 እርከን በ8 ሲባዛ 480 ዩኒት ነው፤ ያንኑ ከፍታ በ16 ካደረጉት 30 እርከን፣ በ24 ካደረጉት 20 ይበቃል። መርገጫው 16 ዩኒት ከነበረ ለ30ው 32፣ ለ20ው 48 ያድርጉት፤ የደረጃው ርዝመትና ዳገት አይለወጥም። ባለ 24ቱ ለዓይን ትንሽ ሻካራ ነው። መጀመሪያ 16ን ሞክሩና ካልበቃ ብቻ ወደ 24 ይሂዱ።

ዋናው ጣጣ ግን ዓምዶቹ ናቸው። ደረጃው በሁለት ግድግዳዎች መካከል ከሆነ እያንዳንዱ እርከን አንድ የጠርዝ መስመርና ሁለት የጎን ግድግዳ አለው፤ 60 እርከን 180 ድሮውሴግ ማለት ነው። ከፊት የቆመ ዓምድ ከኋላው ያለውን መስመር ይቆርጠዋል፣ እያንዳንዱ ቁራጭም ለብቻው ይቆጠራል። ሦስት ዓምዶች አንዱን ጠርዝ እስከ አራት ይቆርጡታል፤ 60 ጠርዝ 240 ሆነ፣ የጎን ግድግዳዎቹ ሳይጨመሩ። በ30 እርከን ይኸው ሒሳብ 120 ጠርዝና 60 ጎን፣ በድምሩ 180 ይሆናል። ዓምዶቹን ከመሃል አንስተው ከጎን ግድግዳው ጋር ቢያስጠጓቸው መቆራረጡ ራሱ ይቀራል። ባለ 16 ጎን ዓምድ ካለዎት ወደ ባለ 8 ጎን ይቀይሩት፤ በ320 በ200 ስክሪን ላይ ልዩነቱን ማንም አያየውም።

ብርሃን ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ሞተሩ ብርሃንን የሚያሳየው በ16 ደረጃ ብቻ ነው፤ 160 እና 168 ለዓይን አንድ ናቸው። ገጾችን ሲያዛምድ ግን ቁጥሩን እንዳለ ያነጻጽራል፤ ስለዚህ ለማይታይ ልዩነት ተጨማሪ ቪዝፕሌን ይከፍላሉ። የሴክተሮችዎን (የማፑ ክፍልፋዮች) ብርሃን ሁሉ በ16 ብዜት ያስተካክሉ፦ 128፣ 144፣ 160፣ 176። ወለሉ ላይ ብሩህና ጨለማ ሸንተረር ካፈራረቁም ይጠንቀቁ። አንድ ዓይነት ገጽ ቢሆንም በመካከሉ ሌላ ገብቶ ከኋላው እንደገና ሲታይ አዲስ ሆኖ ይቆጠራል፤ 20 ሸንተረር ቢያንስ 20 ነው። ሸንተረሩ በቴክስቸሩ ውስጥ የተሳለ ቢሆን ኖሮ አንድ ብቻ ነበር።

ግማሽ ግድግዳም አያድንዎትም። ጣሪያው 256 በሆነ አዳራሽ ውስጥ 128 የሚደርስ ከፍታ ያለው መከለያ ቢያቆሙ፣ ከኋላው ያለው ባይታይም ይቆጠራል። ሞተሩ የሚያቆመው ከወለል እስከ ጣሪያ የደፈነ ግድግዳ ወይም የተዘጋ በር ሲያገኝ ነው። አዳራሹን ከሌላው ክፍል የሚለይ በር ወይም የታጠፈ ኮሪደር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። መድረክና ሣጥን የመሳሰሉትን ደግሞ ከተጫዋቹ ወለል 56 ዩኒት ከፍ ያድርጓቸው፤ የላይኛው ገጻቸው ከዚያ ወለል ላይ አይቆጠርም። 48 ይበቃል እንዳይሉ፤ ሲሮጥ ዓይኑ እስከ 8 ዩኒት ስለሚወዛወዝ 49 ይደርሳል። ከደረጃው አናት ሲታይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም።

ሲጨርሱ በማፕ መሥሪያው ፕሮግራም በአልቲሜት ዱም ቢልደር የቪዝፕሌን ኤክስፕሎረር ሞድን ይክፈቱ፤ የትኛው ቦታ እንደተጨናነቀ በቀለም ያሳያል፣ ድሮውሴግንም ይቆጥራል። ቪዝፕሌኑ ከ110 በላይ የሆነበትን ቦታ እንደተበላሸ ይቁጠሩት፤ የሚንቀሳቀስ ሊፍት ወይም የሚከፈት በር ቀሪውን ይበላዋል። ከዚያም በሮቹን ሁሉ ከፍተው በቾኮሌት ዱም ውስጥ ደረጃውን በእግር ይውረዱ። ሻማና መብራት ብልጭ ድርግም ካሉብዎት ያ ሌላ ገደብ ነው፦ በአንድ ጊዜ የሚሳሉ ስፕራይቶች (የዕቃና የጭራቅ ምስሎች) ቢበዛ 128 ናቸው፣ ትርፉ ዝም ብሎ ይጠፋል።

ባለ 60 እርከኑን አልነካም ካሉ ማፑን «ገደብ ላነሱ ፖርቶች» (እንደ ጂዚዱም ላሉ ማጫወቻ ፕሮግራሞች) ብለው ይልቀቁት፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ክሪስፒ ዱም የድሮውን መልክ ይዞ ያጫውተዋል።