ከባሌስትራው ላይ ብረት ከመቀነስህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። መሪው በቀኝ የሆነ አጭር ሻንሲ ላንድሮቨር ሲሪዝ 3 እያደስክ ነው። አራቱንም ባሌስትራዎች፣ ማለትም መኪናውን ከጎማዎቹ በላይ የሚሸከሙትን ተደራራቢ ጎባጣ ብረቶች፣ በአዲስ ቀይረሃል፤ መኪናው ግን ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ በዚያ ላይ ቀኙ ከግራው በ3 ሳንቲሜትር ይበልጣል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ደግሞ «ከእያንዳንዱ ባሌስትራ አንድ አንድ ብረት አውጣለት፣ ይወርዳል» ብለውሃል። እኔ እባክህ መፍቻውን አስቀምጥ እላለሁ። በላክኸው ፎቶ ላይ ወንበር የለም፣ ጣሪያ የለም፣ ተጠባባቂ ጎማ የለም፣ ታንኩም ባዶ ነው ብለሃል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ የተለካ ቁመት ለውሳኔ አይበቃም።

ባሌስትራ ቁመቱን የሚይዘው በተሸከመው ክብደት ልክ ነው። ለምሳሌ አንድ ባሌስትራ 1 ሳንቲሜትር ለመውረድ 30 ኪሎ የሚፈልግ ከሆነ፣ ከላዩ 60 ኪሎ ሲነሳለት 2 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። አሁን ያንተን መኪና አስበው። መሪው በቀኝ በሆነው አጭር ሲሪዝ ላይ ሾፌሩም የነዳጅ ታንኩም በአንድ ወገን ናቸው። ታንኩ 45 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ሲሞላ ቤንዚኑ ብቻ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ የሾፌሩን ወገን ባሌስትራ ከሌላው ይልቅ ጎበጥ አድርጎ ሠርቶታል፤ በመለዋወጫ ዝርዝሩም ላይ ቀኝና ግራው የተለያየ ቁጥር አላቸው። ስለዚህ ሾፌርና ነዳጅ በሌለበት ቀኙ ከፍ ማለቱ በከፊል የሚጠበቅ ነው። ከዚህ ጋር ባሌስትራዎቹ ላይ ያለውን ቁጥር ተመልከት። የናፍጣው ሞተር ከበድ ስለሚል የፊት ባሌስትራውም ጠንከር ያለ ነው። ሻጩ የናፍጣውን ሰጥቶህ ሞተርህ ቤንዚን ከሆነ፣ አፍንጫው ሁልጊዜ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ከክብደቱ ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከእርሱ በላይ፣ የምጠረጥረው ጎሚኒዎቹን ነው፤ በባሌስትራው ዓይንና በሻንሲው ውስጥ የሚገቡትን ላስቲክ ያለባቸውን ቡሾች ማለቴ ነው። ብዙ ሰው እነዚህ እንደ ማጠፊያ የሚሽከረከሩ ይመስለዋል። አይሽከረከሩም። ቡሎኑ ሲጠብቅ የውስጡን ቱቦ ነክሶ ይይዘዋል፤ የውጭው ቱቦ በቦታው ተጣብቋል፤ እንቅስቃሴው ሁሉ የሚመጣው በመካከል ያለው ላስቲክ በመጠምዘዙ ነው። አሁን መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ አክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማዎቹ የተያያዙበት ዘንግ) ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኖቹን እስከ መጨረሻ ካጠበቅህ፣ ላስቲኩ ያንን የተንጠለጠለ አቋም ቤቱ ያደርገዋል። መኪናውን መሬት ስታወርደው ተጠምዝዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይገፋል፤ ሻንሲውንም ወደ ላይ ይይዘዋል። የባሰው ደግሞ ላስቲኩ ሁልጊዜ ተወጥሮ ስለሚኖር ቶሎ ይቀደዳል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናው በጎማው መሬት ላይ እንደቆመ፣ ክብደቱ ሁሉ ከተጫነበት በኋላ፣ የባሌስትራውን ቡሎኖች በሙሉ አላላ። መከላከያውን ይዘህ አወዛውዘው፤ ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ግፋው፤ ከዚያ እዚያው እንደቆመ አጥብቅ። ጋራዥ የሠራልህ ከሆነ እንዴት እንዳጠበቁት ጠይቅ። መልሱ «በክሪክ ላይ» ከሆነ ግማሹን ችግር አገኘኸው።

አለካኩም ላይ አንድ ነገር ልበል። ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ አትለካ። የጎማ ንፋስና ያረጀ ቦዲ ጠማማነት ሁለቱም ያታልሉሃል። ከአክስሉ ቱቦ የላይኛው ገጽ እስከ ሻንሲው የታችኛው ገጽ ለካ፤ በአራቱም ማዕዘን ተመሳሳይ ነጥብ ምረጥ። ቦታው ደልዳላ፣ ታንኩ ሙሉ፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ የሰው ክብደት የሚያህል ነገር የተጫነበት ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ካዘነበለ፣ ጥፋቱ የፊቱ ነው ወይስ የኋላው? ይህን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ሻንሲው ግትር ስለሆነ አንዱ ጫፍ ሌላውን ይጎትታል። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፍና ክሪኩን ከፊተኛው የሻንሲ አግዳሚ በትክክል መካከል ላይ አድርግ። የፊት ባሌስትራዎች ክብደት እስኪቀንስላቸው ብቻ አንሣ፤ ከሥሩም ማንም እንዳይገባ። ፊቱ አሁን በአንድ ነጥብ ላይ ስለቆመ ወደ የትኛውም ወገን አይገፋም። ኋላውን ለካው። ቀጥ ካለ የኋላ ባሌስትራዎቹ ንጹሕ ናቸው፤ ካላቃናም ጥርጣሬህ ወደ እነርሱ ይሂድ። ቀጥሎ በተቃራኒው አድርገው። የተጠረጠሩትን ቀኝና ግራ አለዋውጣቸው፤ ዝንባሌው ከባሌስትራው ጋር ከተዛወረ ባሌስትራው ነው፤ እዚያው ከቀረ ግን ሻንሲህ የተጣመመ ሊሆን ይችላልና ባሌስትራውን ተወው።

አሁን ወደዚያ «ብረት አውጣ» ወደሚለው ምክር ልመለስ። በእርግጥ ይወርዳል። ነገር ግን አጫጭሮቹ ብረቶች በከንቱ አልተደረደሩም፤ ሸክሙ የሚበረታው በአክስሉ አጠገብ፣ በመካከል ስለሆነ እነርሱ የተቀመጡት እዚያው ነው። አንዱን ስታወጣ የእርሱ ድርሻ በተቀሩት ላይ ይወድቃል፤ ዋናው ረጅሙ ብረት ደግሞ አክስሉን በቦታው የሚይዘው ነው፤ እርሱ ሲሰበር አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል። ወፍራሙን ማውጣትማ ጭራሽ ሌላ ነው፤ የአንድ ብረት ጥንካሬ ከውፍረቱ ኩብ (ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት) ጋር ስለሚሄድ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ውፍረቱ እጥፍ የሆነ ብረት ስምንት እጥፍ ይጠነክራል። በጋዝ እሳት አግሎ ማስተኛትንም የሚመክሩ አሉ። ብረቱ ጉልበቱን ያገኘው ግሎ፣ በፈሳሽ ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልኩ ሞቆ ነው፤ ያለ ልክ ያጋልኸው ቦታ ያንን ጉልበት ያጣል፤ ጉብጠቱንም ቶሎ ይጥለዋል።

ሻክሉን፣ ማለትም ባሌስትራውን ከሻንሲ የሚያያይዘውን ተወዛዋዥ ማንጠልጠያ፣ መቀየር የሚያስቡም አላችሁ። ርዝመቱ በ5 ሳንቲሜትር ሲለወጥ ቁመቱ የሚለወጠው በግማሹ፣ በ2.5 ሳንቲሜትር ግድም ነው። ፊት ላይ ከሆነ ግን አክስሉንም ያዞረዋል። ለምሳሌ በቶዮታ ላንድክሩዘር 40 የፊት ሻክሉ ከባሌስትራው ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ማስረዘሙ መሪው በራሱ ወደ ቀጥታ የሚመለስበትን ዝንባሌ ይቀንሳል፤ በፍጥነት ስትነዳ መኪናው ይቅበዘበዛል። ለውበት ተብሎ የሚከፈል ዋጋ አይመስለኝም።

ለአሁኑ መኪናውን ጨርስ፣ ቡሎኖቹን መሬት ላይ አጥብቅ፣ ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ንዳው፤ አዲስ ባሌስትራ በዚህ ጊዜ ትንሽ ይረጋል። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር ያሰሩትን የዩ ቅርጽ ቡሎኖችም ያኔ እንደገና አጥብቃቸው፤ መላላታቸው አይቀርም። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ከሆነ የአራቱን ማዕዘን ልክና ባሌስትራዎቹ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍልን፤ አብረን እናየዋለን።