ብሎኑን ከመንካታችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

ይህን የምጽፈው የሽጉጥ ዒላማ ተኩስን በተፈቀደ ሜዳና በአሠልጣኝ ፊት መማር ለጀመራችሁ ነው። ሥራዬ መሣሪያ መጠገንና ተኳሾችን ማሠልጠን ነበር፤ ዕድሜዬም በዚያው ላይ አልፏል። በሽጉጡ አናት ላይ ከፊትና ከኋላ ስለሚገኘው ማነጣጠሪያ ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈልግም፤ ጎበዝ ተኳሽ መሆን የሚችሉ ልጆች በዚህች ትንሽ ብረት ሰበብ ተስፋ ቆርጠው ሲተዉ አይቻለሁና።

ወጣቱ ይመጣና «ጋሼ፣ ማነጣጠሪያው ተዛብቷል፤ ወደ ታችና ወደ ግራ ይመታል» ይለኛል። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ከሆነ፣ ከሽጉጡ በፊት የምመረምረው እጁን ነው። ቃታውን ቀስ ብሎ በመሳብ ፋንታ በድንገት የሚነጥቅ፣ ወይም ርግጫውን ፈርቶ ጥይቱ ሳይወጣ አፈሙዙን ወደ ታች የሚጫን ቀኝ ተኳሽ ብዙውን ጊዜ የሚመታው በዚያው በኩል ነው። ማነጣጠሪያው የሚወቀሰው የሚያስተካክለው ብሎን ስላለው ነው። እጅ ብሎን የለውም። ብሎን ማዞር የአፍታ ሥራ ሲሆን፣ ቃታ መሳብን መማር ግን ወራት ይፈጃል። ልጁ ብሎኑን ያዞራል፤ ለጥቂት ጥይት ይስተካከልለታል። በማግሥቱ ተረጋግቶ በትክክል ሲተኩስ ደግሞ ጥይቱ ወደ ቀኝ ይሄድበታል፤ እንደገና ያዞራል። ውሎ አድሮ ያጠፋው ሽጉጡ ይሁን እጁ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ግን አስቸጋሪ አይደለም። ሽጉጡን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፋችሁ፣ አንድ ዓይነት ጥይት ተጠቅማችሁ፣ ሳትቸኩሉ አምስት ተኩሱ። መጀመሪያ የምታዩት ቀዳዳዎቹ ከመሐል ምን ያህል እንደራቁ ሳይሆን እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደተቀራረቡ ነው። ተበታትነው ከሆነ ማነጣጠሪያውን አትንኩት። ተሰብስበው ወደ አንድ ወገን ካረፉ ግን ሌላ የታመነ ተኳሽ በዚያው ሽጉጥ ይሞክር፤ እርሱም እዚያው ካሳረፈ ያን ጊዜ የብሎኑ ተራ ደረሰ። ሌላ የምወደው መፈተኛም አለ። ባሩድ የሌለውን የመለማመጃ ጥይት ጓደኛችሁ እናንተ ሳታዩ ከእውነተኞቹ ጋር በካዝናው ውስጥ ይቀላቅለው። ሽጉጡ ሳይተኩስ አፈሙዙ ወደ ታች ከወረደ መልሱን በዓይናችሁ አያችሁት ማለት ነው።

ደግሞም መሐሉን የሚስት ሽጉጥ ሁሉ የተዛባ አይደለም። የውድድር ተኳሾች ብዙ ጊዜ የሚያነጣጥሩት ከጥቁሩ ክበብ በታች ነው፤ ጥቁር ብረት በጥቁር ላይ ጠፍቶ እንዳይታይ ነው ይህን የሚያደርጉት። የ25 ሜትር የትክክለኛነት ዒላማ ጥቁሩ ክበብ 20 ሴንቲሜትር ስፋት ስላለው፣ ለዚህ የተስተካከለ ሽጉጥ ካነጣጠራችሁበት ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይመታል። የጥይቱ ክብደትም ቦታውን ይለውጣል፤ በሪቮልቨር (ጥይቶቹ በሚሽከረከር ጎማ ውስጥ በሚጎርሱበት ሽጉጥ) ከባዱ ጥይት ከቀላሉ ከፍ ብሎ ማረፉ የተለመደ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ጥይት አስተካክሉ፤ የጥይቱን ዓይነት ከማስተካከያው ቁጥር ጋር በማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት።

ማስተካከል ሲያስፈልግ የኋላው ማነጣጠሪያ የሚንቀሳቀሰው ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ ነው፤ የፊተኛው በተቃራኒው። ወደ ግራ የሚመታ ሽጉጥ የኋላ ማነጣጠሪያው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወደ ታች የሚመታ ከሆነ የኋላው ከፍ ይላል፣ ወይም የፊተኛው ያጥራል። መጠኑን በግምት አታድርጉት። ጥይቱ ከመሐል የሳተበትን ርቀት በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ባለው ርዝመት አባዙት፤ ከዚያም እስከ ዒላማው ባለው ርቀት አካፍሉት። በማነጣጠሪያዎቹ መካከል 160 ሚሊሜትር ያለው ሽጉጥ በ15 ሜትር ላይ 5 ሴንቲሜትር ቢስት፣ የሚያስፈልገው እንቅስቃሴ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ይኸው ሒሳብ በሌላ ወገን ሲታይ ያስደነግጣል፤ በዚያው ሽጉጥ ስታነጣጥሩ የፊተኛው ብረት ከኋላው ክፍተት መሐል በ1 ሚሊሜትር ብትዛነፍ፣ በ25 ሜትር ላይ ስሕተቱ ከ15 ሴንቲሜትር ያልፋል። ሽጉጡ ባጠረ ቁጥር ይህ ይብሳል።

ብሎን የሌለው ማነጣጠሪያ ተጣብቆ የተቀመጠበት ቦይ ውስጥ በመምታት ይንቀሳቀሳል። አስቀድማችሁ ካዝናውን አውጡ፤ የጥይት ማጉረሻውን ከፍታችሁ ባዶነቱን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ሽጉጡን የምታስሩበትን የሞርሳ ጥርስ በጨርቅ ወይም በእንጨት ሸፍኑ፤ መነሻውን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ በነሐስ ወይም በናይለን ዘንግ በትንሽ በትንሹ ምቱ። የፊተኛውን በሞረድ ማሳጠር ግን ለባለሙያ ተዉት፤ የተሞረደ ብረት አይመለስም።

የትኛውን ማነጣጠሪያ እንምረጥ ለምትሉኝ፣ መልሱ ያለው ዓይናችሁ ላይ ነው። ዓይን የኋላውን፣ የፊተኛውንና ዒላማውን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም። መጥራት ያለበት የፊተኛው ነው፤ ዒላማው ይደብዝዝ። ይህን ማመን ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ዓይኑ ወደ ዒላማው ይሮጥበታል። ስለዚህ ለጀማሪ ነጥብም ቀለምም የሌለውን ጥቁር ማነጣጠሪያ እመርጣለሁ። ከፊተኛው ግራና ቀኝ የሚታየው ብርሃን እኩል መሆኑን፣ አናቶቹም መስተካከላቸውን ብቻ ያያል። በፊተኛው አንድ፣ በኋላው ሁለት ነጥብ ያለው ባለ ሦስት ነጥቡ ለፍጥነት ይረዳል፤ ዓይንን ግን ከብረቱ ጠርዝ ወደ ነጥቦቹ ይወስዳል። የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ሕግ በሽጉጥ ውድድር የሚፈቅደው ክፍት ማነጣጠሪያን፣ ማለትም መስታወትም ኤሌክትሮኒክስም የሌለውን፣ ብቻ ነው። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር የአሥር ነጥቡ ክበብ ስፋት 11.5 ሚሊሜትር ነው፤ ተኳሾቹ ይህን የሚመቱት በዚሁ ተራ ብረት ነው።

ትሪቲየም በተባለ ራዲዮአክቲቭ ጋዝ በጨለማ የሚያበራውን ማነጣጠሪያ አሮጌ የምትገዙ ከሆነ የተሠራበትን ዓመት ጠይቁ፤ በ12 ዓመት ገደማ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል።

ቀይ ነጥብ የሚያሳየው የኤሌክትሮኒክስ ማነጣጠሪያ በ1975 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስዊድኑ ኤይምፖይንት ኩባንያ ለገበያ ቀረበ፤ ዛሬ በሽጉጥ ላይም ተለምዷል። የቅርቡ ብረት ለሚደበዝዝባቸው በዕድሜ የገፉ ዓይኖች ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነጥቡና ዒላማው አብረው ይጠራሉና። የነጥቡ ስፋት በማዕዘን ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ክፍል) ይለካል። አንድ ደቂቃ በ25 ሜትር ላይ 7 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሸፍን፣ ባለ 3 ደቂቃው ነጥብ 2 ሴንቲሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ለዒላማ ተኩስ ትንሹን ነጥብ ምረጡ። ነጥቡ ሲንቀጠቀጥ ስታዩ አትደንግጡ። እጃችሁ በፊትም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ታየ እንጂ። ብዙዎች ነጥቡ መሐል ላይ የደረሰበትን ቅጽበት ጠብቀው ቃታውን ይነጥቃሉ፤ ጥይቱም ይወርዳል። ነጥቡ በመሐሉ ዙሪያ እየዋለለ ሳለ ቃታውን ሳታቋርጡ ሳቡት። ባትሪው ሲቀየር ከሽጉጡ ላይ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ደግሞ፣ መልሳችሁ ካሰራችሁት በኋላ በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፋችሁ አምስት ሳትተኩሱ ወደ ውድድር አትሂዱ።