«ልጆቹን ይዤ ልሂድ ወይስ ለአያታቸው ልተዋቸው?» ላለችው እህት

እህቴ፣ ባለቤትሽ ቤልጅየም ለዶክትሬት ትምህርት መሄዱን፣ አንቺ የአራት ዓመት ልጅና የስምንት ወር ሕፃን ይዘሽ ጅማ መቅረትሽን፣ አማትሽም «ልጆቹን ተይልኝ፤ እናንተ ጨርሳችሁ ኑ» ማለታቸውን ጽፈሻል። እኔም በ2009 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ ቂጦ ሰፈር፣ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ስንት ሌሊት ስገላበጥ አድሬአለሁ። ልጄ ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ሴቷ ሰባት ወሯ። ይዣቸው ሄድኩ። ቤልጅየም ጌንት ከተማ አምስት ዓመት ኖረን በ2014 ዓ.ም. ተመለስን።

መልሴ ይዘሻቸው ሂጂ ነው። ነገር ግን ሁሉም ሰው ስለ መሄድ ሲጠይቅ እንጂ ስለ መመለስ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም፤ እኛን ይበልጥ የፈተነን ደግሞ መመለሱ ነው። አንቺም በጥያቄሽ ውስጥ ስለ እሱ አንድ ቃል አላነሳሽም። ስለዚህ ስለ ጉዞው የሚያስፈልገውን ቶሎ ቶሎ ብዬ ልለፍና ወደዚያ ልምጣ።

ባለቤትሽ ቀድሞ መሄዱ መልካም ሆኗል። ለተማሪ ቤተሰብ የሚሰጠው ቪዛ ቋሚ ገቢ፣ ለቤተሰብ የሚበቃ ቤትና የጤና መድን ይጠይቃል፤ ቤቱን ደግሞ እዚያ ያለ ሰው ነው የሚፈልገው። የእኛ ሰባት ወር ፈጅቷል፤ ለሕፃን ሰባት ወር ብዙ ነው። አሁኑኑ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን ከወሳኝ ኩነት አውጪ። በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪው። በእኛ ላይ የልጄ ስም በአንዱ ወረቀት በአንድ «ኤስ»፣ በሌላው በሁለት «ኤስ» ተጽፎ ሁለት ወር አቃጥሎብናል። የእኛ አጠራር እዚያ እንደማይገባቸውም አስቢ። ልጆቹ በአባታቸው ስም፣ አንቺ በአባትሽ ስም ስለምትጠሩ፣ ብቻሽን ስትጓዢ «እናታቸው መሆንሽን በምን እናውቃለን?» ትባያለሽ። የልደት ምስክር ወረቀቱና የአባትየው የስምምነት ደብዳቤ በእጅ ቦርሳሽ ውስጥ ይሁኑ እንጂ በሻንጣ አይግቡ።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የግቤን ቁልቁለት ከሕፃን ጋር በመኪና ከወረድሽ በኋላ በዚያው ማታ አውሮፕላን መሳፈር ራስን ማድከም ነው፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ እደሪ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጭን ስለሚጓዝ የሚከፈልለት ከአዋቂ ዋጋ አሥር በመቶ ገደማ ነው። የሕፃን አልጋ የሚንጠለጠለው ከፊት ግድግዳ ባለባቸው ጥቂት መቀመጫዎች ላይ ብቻ ስለሆነ ቲኬት ስትቆርጪ ጠይቂ። ሲነሳና ሲያርፍ አጥቢው፤ መዋጡ የጆሮውን ሕመም ያስታግስለታል። የሕፃን ወተትና ምግብ በፍተሻ ላይ ከ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ ውጭ ነው፤ ደብቀሽ ሳይሆን አውጥተሽ አሳዪ።

አማቴ ሁለት ኪሎ ንጥር ቅቤ በፕላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ። ብራስልስ ላይ ተወሰደብኝና እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተጓዥ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ስለማይቀበሉ ቅቤም አይብም አትያዢ። ይልቅ ኮረሪማ፣ ኮሰረትና ጥቁር አዝሙድ ያዢ፤ ጨው የሌለው ቅቤ እዚያ ገዝተሽ ታነጥሪያለሽ፤ ከአማቴ ቅቤ ጋር እኩል ባይሆንም ቤቱን ያውደዋል። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል፤ ዓመት ላልሞላው ልጅሽ ግን ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን እንዳታቀምሺው፤ ለሕፃን አንጀት አደገኛ የሆነ ጀርም ይኖርበታል። ጤፍ ብራስልስ ማቶንጌ ሰፈር ይገኛል። በክረምታቸው ሊጡ አልቦካ ካለሽ ከማሞቂያው አጠገብ በፎጣ ሸፍነሽ አሳድሪው። ቡና ስትቆዪ መስኮት ክፈቺ፤ የጭስ ደወሉ ይጮኽና ልጆቹ ይደነግጣሉ።

ሁለት ዓመት ተኩል የሞላው ልጅ በነጻ መዋዕለ ሕፃናት ስለሚገባ የአራት ዓመቱ ልጅሽ ገና እንደደረሳችሁ ትምህርት ይጀምራል። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ይለቀቃሉ፤ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያው ረቡዕ ልጄ በር ላይ ብቻውን ከመምህሯ ጋር ሲጠብቀኝ ቆየ። አራት ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረም። መስማት የተሳነው መሰለኝና ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ጤነኛ ነው። አዲስ ቋንቋ የሚሰማ ሕፃን እንዲህ ዝም ብሎ ያጠራቅማል፤ ከዚያ አንድ ቀን በጌንት ቋንቋ፣ በሆላንድኛ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይዞ ይመጣል። ዝም ሲል አትደንግጪ፤ አትቸኩዪም። ለትንሹ ደግሞ ኪንድ ኤን ኸዚን የሚባለው የሕፃናት አገልግሎት ክብደት ይለካል፣ ክትባት ይሰጣል፣ ሁሉም በነጻ ነው። የጅማውን የክትባት ካርድ ዋናውን ያዢ፤ የእኛ ልጆች ሲወለዱ የሚከተቡትን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት እነሱ ለሁሉም ልጅ ስለማይሰጡ በኋላ በምርመራ ጊዜ ካርዱን ይጠይቁሻል። ቫይታሚን ዲ በጠብታ በየቀኑ 400 ዩኒት እስከ ስድስት ዓመት እንዲሰጥ ይመክራሉ፤ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ያውም ከታየች።

ያ ጨለማ ከልጆቹ ይልቅ የሚከብደው እናትን ነው። እነሱ ትምህርት ቤት አላቸው፤ ባልሽ ቤተ ሙከራ አለው፤ አንቺ ግን ከሕፃን ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነሽ። እዚህ «ወተቱን ጥጂልኝና ልጄን ያዢልኝ» የምትያት ጎረቤት አለችሽ፤ እዚያ ልጅ ከልጅ ጋር እንዲጫወት ከሁለት ሳምንት በፊት ቀጠሮ ይያዛል። የመጀመሪያውን ክረምት እንዴት እንዳሳለፍኩት አሁን ሳስበው ይጨንቀኛል። እዚያ ከገባሽ በሁለተኛው ወር የሆላንድኛ ትምህርት ጀምሪ፤ ሕፃን አለኝ ብለሽ አትቅሪ። ከእኔ ጋር አንዲት የሶማሊያ እናትና አንዲት የሶሪያ እናት ነበሩ፤ ልጅ መያዝ ተራ ገባን፤ የዳንኩት በእነሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት ጅማ መጣን። አማቴ ከጅሬን ድረስ ወርደው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ልጄ ሲሄድ «አኮ! አኮ!» (አያቴ! አያቴ!) እያለ በአፋን ኦሮሞ ሲያወራቸው የነበረ ልጅ ነው። አሁን እግሬ ሥር ተሸሸገ። እሳቸው ሲጠይቁት እኔን አየኝ፤ በሆላንድኛ «ምን አለችኝ?» አለኝ። አማቴ ምንም አላሉም፤ ሻሻቸውን አስተካከሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ልጅ ቶሎ ይለምዳል ይላሉ፤ እውነት ነው፤ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ቶሎ መርሳቱንም አየሁ።

ጥፋቱ የእኛ ነበር። ልጁ በትምህርት ቤት እንዳይቸገር ብለን እኔና አባቱ በተሰባበረ ሆላንድኛ እናወራው ነበር። ጌንት ስንመለስ አንዲት ነርስ «ሆላንድኛውን ለእኛ ተዉት፤ እናንተ የራሳችሁን ቋንቋ አውሩት» አለችን። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ከልጆቹ ጋር በአፋን ኦሮሞ ብቻ፣ እኔ በአማርኛ ብቻ ሆንን። ልጆቹ በሆላንድኛ ቢመልሱም እኛ ከቋንቋችን አልወጣንም። ቅዳሜ ጠዋት አኮ በስልክ ይደውሉ ነበር፤ ቡና እያፈሉ እኛም እያፈላን። ፊደል ገበታ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቱ ለሳምንታት ሲዘጋ ሁሉም ሰው ልጆቼ ወደ ኋላ ቀሩ እያለ ሲያማርር፣ የእኔ ልጆች አማርኛቸው የተመለሰው በእነዚያ ሳምንታት ነው።

እንዲያም ሆኖ በ2014 ዓ.ም. ለሁልጊዜ ስንመለስ ቀላል አልነበረም። የስምንት ዓመት ልጄ «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ» ሲባል ከሰዓት በኋላ እየመሰለው ሁለት ጊዜ ትምህርት ቤት ቀረ። ለምን ሁሉም ሰው ፀጉሩን እንደሚነካው፣ ለምን መንገድ ላይ ብስክሌት እንደማይፈቀድለት አልገባውም። ከመመለሳችን ስድስት ወር በፊት ስለ ጅማ በየቀኑ ማውራት ጀምረን ነበር፤ የሚገባበትን ክፍል ፎቶ፣ የአዌቱን ወንዝ፣ የአጎቱን ልጆች ስም። ይህ ብዙ ረድቶታል። ለትንሿ አልነገርናትም፤ ሕፃን ናት ብለን። ወራት ሙሉ «ወደ ቤት እንሂድ» ስትል የነበረችው እሷ ናት።

ለዕረፍት ስትመጡ ደግሞ ወባን እንዳትንቂ። «የጅማ ልጆች ናቸው» ብለን እንዘናጋለን፤ ሰውነታቸው ግን ከወባ ርቆ ሲቆይ የነበረው የመቋቋም አቅም ይዳከማል። ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪም አማክራችሁ መከላከያ መድኃኒት ውሰዱ፤ አጎበር ሳይዘረጋ አትተኙ። እኛ አልወሰድንም። ከዕረፍቱ ጌንት በተመለስን በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ተንቀጠቀጠች፤ የወሰድኩበት ክሊኒክ ጉንፋን ነው አለኝ። «ከጅማ ነው የመጣነው፤ ደሟ ይታይልኝ» ብዬ አልነሳም አልኩ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ይህ ዓይነቱ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት፣ ከወራትም በኋላ ሊነሳ ስለሚችል፣ ከኢትዮጵያ ስትመለሱ ትኩሳት ከተነሳ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ሳትጠየቂ ንገሪው።

አማትሽ ልጆቹን ተይልኝ ያሉት ናፍቆቱን ፈርተው ይመስለኛል፤ እኔም አማቴ ያኔ ተቆጥተው ነው ብዬ ተቀይሜ ነበር። ተቀመጪና ስለ መመለሱ አውሪያቸው፤ በየትኛው ክረምት እንደምትመጡ፣ በየትኛው ቀን እንደሚደውሉ ንገሪያቸው። ከመሄድሽ በፊት ማታ ማታ ለልጆቹ ተረት ሲያወሩ በስልክሽ ቅጂያቸው፤ አሥር ተረት ቢሆን ይበቃል። እኔ የቀዳሁት ሁለት ብቻ ነበር፤ ልጆቼ በአምስት ዓመት ውስጥ እነዚያን ሁለቱን በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ስንመለስ አኮ ሦስተኛውን ሲጀምሩ ትንሿ ከጉልበታቸው ላይ ተነሥታ «ይህን አላውቀውም፤ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለቻቸው፤ በአፋን ኦሮሞ።