መልስ፦ «ኦፐንሃይመር» የተሰኘው ፊልም ለምን ከባለ ቀለም ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀያየራል?

ግራ ያጋባዎት የቀለሙ መቀያየር ዘመንን ሳይሆን ባለታሪኩን የሚለይ ነው፤ ባለ ቀለሙ ክፍል ነገሩን የአቶም ቦምቡን ሥራ በመራው የፊዚክስ ሊቅ በኦፐንሃይመር ዓይን ሲያሳይ፣ ጥቁርና ነጩ በተቀናቃኙ ባለሥልጣን በሉዊስ ስትራውስ በኩል ያሳያል። ስለዚህ ሁለት መድረኮችን ይያዙ፦ ኦፐንሃይመር በጠባቧ ክፍል ስለ ታማኝነቱ የሚመረመረው በ1954፣ ስትራውስ ለንግድ ሚኒስትርነት በሴኔት ፊት የሚቀርበው ደግሞ በ1959 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የቀረው አብዛኛው ከእነዚህ የሚነሳ ትዝታ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እኔን የማረከኝ የቦምቡ ሙከራ ፍንዳታ ሳይሆን፣ ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪደርስ ድረስ ትንፋሽ ብቻ የሚሰማበት ጊዜ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሙዚቃው ንግግሩን አልፎ አልፎ ስለሚውጠው፣ ሲደግሙት የግርጌ ጽሑፉን ያብሩ፤ ሦስት ሰዓቱ በዝቶብዎት ለሁለት ከከፈሉትም ከሙከራው ፍንዳታ በፊት አያቋርጡት።