የከተማ ምክር ቤት ልጄን ከፌዴራል መንግሥት ሊያስጥልልኝ ይችላልን?

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ ባለች አነስተኛ ከተማ ይኖራል። የጥገኝነት ማመልከቻ ካስገባ አራት ዓመት አለፈው፤ ውሳኔ ግን እስካሁን አላገኘም። ሰሞኑን ጎረቤቶቹ፣ ፈረንጆቹም ጭምር፣ የከተማው ምክር ቤት ስደተኞችን ከሚይዘው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋር እንዳይተባበር የሚጠይቅ ፊርማ እያሰባሰቡ ነው፤ እርሱንም በስብሰባው ላይ ተናገር ብለውታል። ከተማው «መማጸኛ ከተማ» ከተባለ ልጄን የሚነካው የለም ማለት ነውን? እኔ የማውቀው ቀበሌ ከበላይ የመጣለትን ሲፈጽም እንጂ እምቢ ሲል አይደለም። ደግሞስ ተነሥቶ ቢናገር ራሱን አሳልፎ መስጠት አይሆንበትም?
ወ/ሮ ት.፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንቅልፍ የነሣዎትን ጉዳይ በቅድሚያ ልመልስ። መማጸኛ ከተማ ልጅዎን አይደብቅም፤ የፌዴራል ሠራተኞች ወደ ከተማዋ እንዳይገቡም በር አይዘጋም። የሚያደርገው የራሱን ፖሊስ፣ የራሱን እስር ቤትና የራሱን መዝገብ ለዚያ ሥራ አለማዋስ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን እርስዎ ተስፋ ያደረጉትን ያህልም አይደለም።

ስሙ ያሳሳታል። እኛ «መማጸኛ ከተማ» ሲባል በመጽሐፈ ኢያሱ የተቆጠሩትን፣ ገዳይ ከደም ተበቃይ ሸሽቶ የሚገባባቸውን ስድስቱን ከተሞች እናስባለን፤ የጣና ዳር ሰው ደግሞ በክፉ ዘመን ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት የተሸሸጉባቸውን የደሴት ገዳማት ያስባል። በአሜሪካም ነገሩ የተጀመረው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቲማላ ጦርነት የሸሹ ሰዎችን አብያተ ክርስቲያናት በቅጥራቸው ያስጠጉ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣችው ደንብም ራሷን የመማጸኛ ከተማ ብሎ ይጠራል። የደንቡ ይዘት ግን የከተማው ሠራተኛ ምን እንዳይሠራ የሚከለክል እንጂ ሰው የሚሸሸግበትን ቅጥር የሚያቆም አልነበረም።

ቀበሌ እንዴት እምቢ ይላል ላሉት፣ መልሱ ከአንድ የፍርድ ቤት ክርክር ይገኛል። ክርክሩ ስለ ስደተኛ ሳይሆን ስለ ጠመንጃ ነበር። የፌዴራሉ ሕግ ጠመንጃ የሚገዙ ሰዎችን ማንነት የየአካባቢው ፖሊስ አዛዦች እንዲያጣሩ ባዘዘ ጊዜ፣ ፕሪንትዝ የሚባል የሞንታና ግዛት ሸሪፍ (የአካባቢ ፖሊስ አዛዥ) «እኔ የአካባቢዬ ሕዝብ ሹም እንጂ የፌዴራሉ መንግሥት ታዛዥ አይደለሁም» የሚል ይዘት ያለው ክስ አቀረበ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1997 የፌዴራሉ መንግሥት የራሱን ሕግ በራሱ ሰው ያስፈጽም እንጂ የክልልና የከተማ ሹማምንትን አስገድዶ ሊያሠራ አይችልም ሲል ወሰነ። ዛሬ የልጅዎ ጎረቤቶች የቆሙት በዚያ ውሳኔ ላይ ነው። በእኛም ሕገ መንግሥት የኢሚግሬሽን ጉዳይ በአንቀጽ 51 የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን ስለሆነ፣ ነገሩ ከአገራችን አሠራር ፈጽሞ የራቀ አይደለም።

አለመተባበር ምን እንደሚጠቅም በአንድ ምሳሌ ላሳይዎ። አንድ ሰው በመኪና ጥፋት ተይዞ ወደ አካባቢው እስር ቤት ቢገባ የጣት አሻራው ለፌዴራል ፖሊስ ሲላክ ወደ ኢሚግሬሽን መዝገብም ይደርሳል፤ ይህን ከተማው ሊያስቀረው አይችልም። ከዚያ በኋላ አይስ ተብሎ የሚጠራው የኢሚግሬሽንና ጉምሩክ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ለእስር ቤቱ «ይህን ሰው የመፈቻው ሰዓት ቢደርስም እስከ 48 ሰዓት ድረስ አቆዩልኝ» የሚል ወረቀት ይልካል። ወረቀቱ የዳኛ ፊርማ የለበትም። አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ወረቀቱ ጥያቄ እንጂ ትእዛዝ አይደለም ብሎ ፈርዷል። ስለዚህ እስር ቤቱ ሰውየውን በሰዓቱ ከፈታው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ካቆየው ግን ከእስር ቤት ወደ እስር ቤት ይተላለፋል። የብዙ ቤተሰብ ዕጣ የሚወሰነው በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው። ልጅዎ የሚኖርበት የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሕግ የአካባቢ ፖሊስና እስር ቤት በዚህ ወረቀት ብቻ ሰው እንዳያቆዩ ከልክሏል፤ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። በቴክሳስ ቢሆን ኖሮ ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሕግ ከተሞች እንዲተባበሩ ስለሚያስገድድ፣ የከተማው ምክር ቤት ፈቃድ ቢኖረው እንኳ እጁ የታሰረ በሆነ ነበር።

ታዲያ ጎረቤቶቹ ምን ቀራቸው? ከደብዳቤዎ ጋር የላኩልን የአቤቱታ ቅጂ የመኪና ሰሌዳ የሚያነቡ ካሜራዎች መረጃ ለፌዴራል እንዳይሰጥ፣ የከተማው መኪና ማቆሚያ ለአፈሳ መሰብሰቢያ እንዳይሆን፣ ለስደተኞች ጠበቃ የሚውል ገንዘብም እንዲመደብ ይጠይቃል። እኔን ቢጠይቁኝ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ጉዳዩ እንደ ወንጀል ስለማይታይ መንግሥት ጠበቃ አያቆምም፤ እንግሊዝኛ በቅጡ የማይችል ሰው በመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ፊት ብቻውን ይቆማል። ኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 በራሷ ገንዘብ ለታሰሩ ስደተኞች ጠበቃ ማቆም ጀምራለች። ከተማ ከማንም ጋር ሳይጋጭ ሊሠራው የሚችለው ሥራ ነው፤ እነዚያ ጎረቤቶችም ይህን ስለጠየቁ አክብሮቴ ታላቅ ነው። የልጅዎን ጥገኝነት መፍቀድ ወይም መከልከል ግን የፌዴራል ሥልጣን ብቻ ነው። ማመልከቻው በሂደት ላይ መሆኑም በራሱ ከመያዝ አያድነውም።

ይናገር ወይስ ይቅር? የመናገር ነጻነት ለዜጋ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ በምክር ቤት ፊት ሐሳብን መግለጽም ወንጀል አይደለም። ሆኖም እንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ብዙውን ጊዜ ይቀረጻሉ፤ ተናጋሪውም ስሙንና የሚኖርበትን አካባቢ እንዲናገር ይጠየቃል፤ የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ለሦስት ደቂቃ ንግግር ፊቱንና ስሙን በመዝገብ ላይ ከማኖሩ በፊት ጠበቃውን ያማክር። ዜግነት ያላቸው ጎረቤቶቹ እርሱ የሚለውን በእርሱ ፈንታ ቢናገሩለት ምንም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም የምክር ቤት አባላት ድምፅ የሚሰጣቸውን መራጭ አተኩረው ያዳምጣሉ።

እርስዎም ባሕር ዳር ተቀምጠው የሚሠሩት አለ። ልጅዎ በኢሚግሬሽን ወረቀቶቹ ላይ «ኤ» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ የተጻፈ ዘጠኝ አኃዝ ያለው ቁጥር አለው፤ ዛሬውኑ በስልክ ያስነግሩትና ይጻፉት። ሰው ሲያዝ አይስ በድረ ገጹ ባኖረው መፈለጊያ የት እንደታሰረ የሚገኘው በዚህ ቁጥርና በትውልድ አገሩ ነው። በስምም መፈለግ ይቻላል፤ ነገር ግን የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ጊዜ እንዲህ ሌላ ጊዜ እንዲያ ስለሚጻፍ፣ የአባት ስምም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ፣ አንዲት ፊደል ከተዛባች ልጁ እዚያው ታስሮ ሳለ መዝገቡ «የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር ስሙ በወረቀቱ ላይ እንዴት እንደሰፈረ ፊደል በፊደል ያስቆጥሩትና ከጠበቃው ስልክ ቁጥር ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ያኑሩት።