«ኮዳድ» ከየት መጣ ላልከው

ወንድሜ፣ በእንግሊዝኛው የአናቶሚ መጽሐፍ ያገኘኸው «ኮዳድ» ትርጉሙ «ወደ ጅራት» ነው። «ካውዳ» በላቲን ጅራት ማለት ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው «አድ» ደግሞ «ወደ» ነው። ደስ የሚለኝ ይሄ «አድ» ነው። በላቲን ልክ እንደ እኛ «ወደ» ከስሙ በፊት ይመጣል። ወደ ኋላ ወስዶ የአቅጣጫ ቅጥያ ያደረገው የኤድንብራው የአናቶሚ መምህር ጆን ባርክሌይ ነው፤ ዘመኑም 1803 እ.ኤ.አ.። «ላይ» እና «ታች» እንደ አቋቋም ይለዋወጣሉና ልክ ነበር። እዚህ ሱሉልታ ላም ሳክም በየቀኑ አየዋለሁ፦ «ከቁስሉ በታች» ብል ረዳቴ ሆዷን ይነካል፣ «ወደ ጅራቷ» ስል ግን ተኝታም ቆማም አይሳሳትም። «ሴፋላድ» ተቃራኒው ነው፤ የግሪኩ «ኬፋሌ»፣ ማለትም ራስ፣ ላይ ያው የላቲን «አድ» ተቀጥሎበታል።